ቢላዋው ለክትፎ ይቆይልን

ቢላዋችሁን አስቀምጡ! ጠብ ልገላግል አልመጣሁም፤ የምናገረው ስለ ስልክ ነው። እዚህ በጉራጌ፣ እምድብር ላይ በጥገና ጠረጴዛም ሆነ በየቤታችን፣ ሞባይል ቢሉ ላፕቶፕ፣ ሪሞት ቢሉ የሶላር መብራት፣ ዕቃው አልሠራ ሲል እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቢላዋ ነው። ቢላዋ ሲጠፋ ምላጭ፣ ምላጭ ሲጠፋ መቀስ፣ መቀስም ሲጠፋ ጥርስ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ስልክ፣ ሦስት ብሎን የጎደለው ላፕቶፕ፣ በላስቲክ ታስሮ የሚኖር ሪሞት። ሕመሙ ቀላል ሆኖ ሳለ አከፋፈቱ የገደለው ዕቃ በመሳቢያው ውስጥ የሌለ ቤት ካለ እጁን ያውጣ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እስከ መጪው መስቀል ድረስ በእምድብር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የቸሃ ቀበሌዎች ያለ እያንዳንዱ እድር፣ ከድንኳኑ፣ ከወንበሩና ከብርጭቆው ጎን አንድ የመክፈቻ ሳጥን ይኑረው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን ሳይሰብሩ፣ ሳይቧጭሩ፣ ሽቦውን ሳይበጥሱ የሚከፍቱ መሣሪያዎች የተደረደሩበት ሳጥን። ሞባይል ሠሪው ይዋሰው፣ ተማሪው ይማርበት፣ አባወራውም እማወራዋም ፈርመው ይውሰዱት፣ ፈርመው ይመልሱት።

ለምን አሁን? ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። የሱቁ ሒሳብ፣ ከአዲስ አበባ የሚላከው ተቆራጭ፣ የማዳበሪያው ብር ሳይቀር በእሱ በኩል ያልፋል። ጅዳ ያለችው ልጅ የምትደውለው በኢሞ ነው። ስልኩ ለጥገና ወልቂጤ ባደረ ቁጥር ቤተሰቡ ከገንዘቡም ከልጁም ተቆርጦ ያድራል። ዋጋውም የዱሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ስክሪኑም፣ ባትሪውም፣ ሙሉ ስልኩም ዶላሩን ተከትለው ወጥተዋል። «ይሰበር፣ ሌላ እገዛለሁ» የሚል ሰው መርካቶም ውስጥ አሁን ብዙ አይገኝም፤ እምድብር ላይማ ዱሮም አልነበረም።

የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛው ብልሽት ቀላል መሆኑ ነው። ባትሪ አርጅቷል፣ የቻርጀር መሰኪያ ላልቷል፣ የድምፅ ማጉያው አቧራ ጠጥቷል፣ አንድ ቀጭን ሽቦ ከቦታው ተነቅሏል። ለዚህ ኢንጂነር አይጠራም። በሰላም መክፈትና በሰላም መዝጋት የሚያውቅ እጅና ለእጁ የሚመጥን መሣሪያ ይበቃል። እጁ አለን። መሣሪያው ነው የጎደለን።

የማንኛውም ዕቃ ክዳን በብሎን፣ በጥርስ ወይም በሙጫ ይያዛል፤ አንዳንዴም በሦስቱም። ብሎኑ ግልጽ ይመስላል፤ ግን ስንቱን ዕቃ የገደለው እሱ ነው። ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ራሱ ከተበላ በኋላ ያ ብሎን ሚስማር ሆነ ማለት ነው። ላፕቶፕ ላይ ብሎኖቹ ከጎማ እግሩ ሥርና ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ይደበቃሉ። ክዳኑ በአንድ ጥግ እምቢ ሲላችሁ ጉልበት አትጨምሩ፤ ያልፈታችሁት ብሎን አለ። ሲመለስም ጣጣ አለው። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቀዳዳ ከገባ ዋናውን ቦርድ ወግቶ ይገድለዋል፤ ስልኩ ተሠርቶ ሲያበቃ በመዝጊያው ላይ ይሞታል። መድኃኒቱ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ነው። የስልኩን ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ሣሉ፣ እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ አኑሩ። ይህን የሚያደርግ ሠሪ ስታዩ ደንበኛ ሁኑት።

ጥርሱ ክዳኑን ከአካሉ ጋር ነክሶ የሚይዘው ቀጭን የፕላስቲክ መንጠቆ ነው። ጠፍጣፋ፣ ለስላሳና ጠንከር ያለ ነገር በስንጥቁ ሲገባ አንድ በአንድ ይለቃል። ቢላዋ ሲገባ ግን ይሰበራል፤ የተሰበረ ጥርስ ደግሞ አይበቅልም። ያ ስልክ ከዚያ ወዲያ አቧራና ውኃ እንደ ልቡ የሚገባበት ነው።

አዲሶቹን ስልኮች የያዛቸው ሙጫ ነው። ሙጫው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይለሰልሳል፤ ባትሪው ግን ይህን ያህል ሙቀት አይወድም። ስለዚህ ጠርዙን ብቻ፣ እያንቀሳቀሱ፣ ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው። ሙቀቱ እጅ ለአፍታ ነክቶት የሚችለው ይሁን። ምጣድ ላይ ማስቀመጥ፣ ከሰል አጠገብ ማስጠጋት፣ እኔ ራሴ ያየሁት በላይተር መለብለብ፣ ይህ ሁሉ ከእሳት ጋር መጫወት ነው።

ቢላዋ የሚያደርገው ምንድን ነው? ብረት ነውና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሁለት ነጥብ ላይ አንዴ ከነካ ቦርዱን አቃጠለ። ስለት ነውና የጣት አሻራ ማንበቢያውን ቀጭን ሽቦ እንደ ክር ይቆርጠዋል። ሹል ነውና ባትሪውን ይወጋል፤ የተወጋ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ጭሱ መርዝ፣ እሳቱ በቀላሉ የማይጠፋ ነው። የሰው ልጅ ጣት የሚቆርጠውን አልቆጠርኩም።

ባለፈው ክረምት በአንድ የገበያ ቀን እዚሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ቻርጅ አልቀበል ብሏቸዋል። «ልጄ፣ ፎቶዎቹ እንዳይጠፉብኝ። የልጅ ልጄን የማያት በዚህ ብቻ ነው» አሉት ወጣቱን ሠሪ። «አይጠፉም እማማ፣ አረፍ ይበሉ» አለና መጀመሪያ ስልኩን አጠፋ፤ ቀጥሎ ሲም ካርዱን ከነማስቀመጫው አወጣ። ከጎረቤት ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ተዋሰና ጠርዙን ዙሪያውን አሞቀው፤ አንድ ቦታ ላይ ሳይቆም፣ በየመሐሉ በእጁ ጀርባ እየነካ። ከዚያ ከደረት ኪሱ አንድ ካርድ አወጣ። ሲም ስንገዛ ሲሟ ከመሐሉ ተገንጥላ የምትወጣበት፣ ሁላችንም የምንጥለው የፕላስቲክ ካርድ ነው። አንዱን ጠርዙን ፍቆ አቅጥኖታል። ከቻርጀር መሰኪያው አጠገብ በስንጥቁ አስገባው፤ ሁለት ቢበዛ ሦስት ሚሊሜትር ነው የገባው። ቀጭ አለ። ያን ካርድ እዚያው ትቶ ሌላ ካርድ በጎን አስከተለ። ቀጭ፣ ቀጭ። የጣት አሻራው ሽቦ ወዳለበት ጎን ሲደርስ እጁ ዘገየ፤ ትንፋሹም የቆመ መሰለኝ። ክዳኑን ወደ ጎን አጋደመው እንጂ ወደ ላይ አልመነጨቀውም። ሽቦው ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ የቻርጀር መሰኪያ ያለባትን ትንሽ ቦርድ መቀየር፣ ቡና ሳይፈላ አለቀ። እማማ የከፈሉት ለዚያች ቦርድና ለልጁ ድካም ብቻ ነው። ለክዳን አልከፈሉም፣ ለስክሪን አልከፈሉም። የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ለእኔም አሳይተውኝ ሄዱ።

የልጁን ጠረጴዛ ግን አየሁት። ካቻቢቴው ሦስት ነው፤ የአንዱ ጫፍ ተሰብሯል። ጉጠቱ ጎብጧል። አምስት ቅጠል ያለው የአይፎን ብሎን ሲመጣበት ከሌላ ሱቅ ይዋሳል፤ ያኛው ሱቅ ከዘጋ ደንበኛው ወደ ወልቂጤ ይሄዳል። ይህን የመሰለ እጅ ይዞ በተጣለ ካርድ የሚኖር ልጅ አለን። ከጎኑ ያለው ደግሞ ካርዱንም አላወቀበትምና ቢላዋውን ያነሣል። ሁለቱንም እናውቃቸዋለን፤ ልጆቻችን ናቸው። ስልኩ ሲድን «ጎበዝ» እንላቸዋለን፣ ሲሞት «ሌባ» እንላቸዋለን፤ መሣሪያ ግን ገዝተን አናውቅም። ትናንት ብረት ቀጥቃጩንና እንጨት ጠራቢውን በእጁ እየተጠቀምን በስሙ ስንንቀው ኖረናል። ያ ነውር ዛሬ በሞባይል ሠሪው ላይ እንዳይደገም።

እውነት ለመናገር መክፈትን ያከበደብን ፋብሪካውም ነው። አፕል ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ማክቡክ ፕሮ ላይ፣ ቀጥሎም አይፎን 4 ላይ ያንን አምስት ቅጠል ያለውን ብሎን አመጣ፤ በጊዜው ተራ ሰው መፍቻውን ከገበያ አያገኘውም ነበር። አይፊክሲት የሚባለው፣ ሁለት ተማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመሩት የጥገና ድርጅት፣ መፍቻውን ከሚተካ ተራ ብሎን ጋር አድርጎ «ነፃ ማውጫ» ብሎ ሸጠው። አምስተርዳም ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. አንዲት ጋዜጠኛ ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው መጥተው ከሚያውቅ ጎረቤት ጋር የሚጠግኑበትን ስብሰባ ጀመረች፤ ዛሬ ያ ስብሰባ በብዙ አገር ይደረጋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ ዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል ይሁን ብሎ ደንግጓል። እነሱ ሕግ አውጥተው ፋብሪካውን ይገፋሉ። እኛ ፋብሪካውን የምንገፋበት ክንድ ገና የለንም፤ እድር ግን አለን፣ እቁብ አለን። ደግሞስ የቴክኖ ስልኮች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ሰው እጅ ሲገጣጠሙ ኖረው የለም? የአገሬ ልጅ የዘጋውን የአገሬ ልጅ መክፈት አያቅተውም።

ገንዘቡን አስልታችሁ የምትፈሩ ካላችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ አባቶቻችን፣ ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞችና ትንንሽ ነጋዴዎች፣ መንገድ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም። ማኅበር አቋቋሙ። ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው የመንገድ ሥራ ማኅበር ከዚያ ዘመን ነው፤ በእኛም በኩል የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅት እንዲሁ። ሊስትሮው ከቀን ገቢው አዋጣ፣ ባለሱቁ አዋጣ፣ መንግሥትም ድርሻውን ጨመረ፣ ዶዘርም ገባ። ተመራማሪዎች የጻፉበት ታሪክ ነው። ዶዘር ያስገባ ሕዝብ ካቻቢቴ መግዛት ያቅተዋል ብሎ የሚነግረኝ ካለ ፊት ለፊት ልስማው።

ሒሳቡ ይኸው፤ ሃያ አባል ያለው እቁብ በሳምንት መቶ መቶ ብር ቢጥል በሳምንት 2,000፣ በአሥር ሳምንት 20,000 ብር ነው። ከዚያ ውስጥ የአንድ ሳምንቱን ዕጣ ለሳጥኑ መተው ብቻ ነው። እድር ደግሞ ከዚያም ይቀለዋል፤ ከሚቀጥለው የድንኳን ጥገና ጋር በአንድ ቃለ ጉባኤ ያልፋል።

በሳጥኑ ውስጥ ምን ይግባ? መጀመሪያ ጫፉ የሚቀያየር ጥሩ ካቻቢቴ። የመስቀሉ፣ ጠፍጣፋው፣ ባለስድስት ኮከቡ መሐሉ ቀዳዳ ካለው ጋር፣ ባለሦስት ክንፉና ያ ባለአምስት ቅጠሉ ይኑሩት። ርካሹን አትግዙ፤ ጫፉ በሁለት ወር ይላጫል፣ ብሎኑንም ይላጨዋል። ቀጥሎ ስክሪን ስቦ የሚያነሣ የጎማ መሳቢያ፣ ለጊታር የሚሆን መምቻ ዓይነት ቀጫጭን ፕላስቲኮች፣ የማያስተላልፍ ጫፍ ያለው ጉጠት፣ ሙጫ የሚያለሰልስ ንጹሕ አልኮል፣ ትንሽ ብሩሽ፣ ብሎን የሚሰበስብ ማግኔት፣ የሚያጎላ መነጽር። ቴስተር ቢገኝ እሰየው። ብሎወር፣ ማለትም ሙቅ አየር የሚነፋው ማሽን፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይቅርብን፤ ፀጉር ቤቱ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ አለ።

አንዱን መሣሪያ ግን ከመርካቶም ሆነ ከቻይና ማምጣት አያስፈልገንም። እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ አይታችሁ የለም? ሳንቃው ይጋደማል፣ የእንሰቱ ልጥ ሳንቃው ላይ በእግር ተረግጦ ይያዛል፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ይፋቃል። ሥጋው ለቆጮ ይወርዳል፣ ቃጫው ሳይበጠስ ይቀራል። ብረት ቢሆን ቃጫውን በጎመደው ነበር። አያቶቻችን ሥጋውን ከቃጫው ሳይበጥስ የሚለይ መሣሪያ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ከማንም በፊት አውቀውታል። ስልክ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቀርከሃ አይቧጭርም፣ ደረቅ ከሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ መስታወት አይሰብርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በደንብ የደረቀ ቀርከሃ ስንጥቅ ውሰዱ፤ እርጥቡ ይጎብጣል። የእስክሪብቶ ቁመት ያህል ቁረጡት። ጠንካራው የውጭው ቆዳ ነውና እሱን አስቀሩ፣ የውስጡን ለስላሳ ክፍል ፋቁ። አንዱን ጫፍ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ እስከ አንድ ሚሊሜትር አቅጥኑት፣ ሌላውን ጫፍ ለጠባብ ቦታ ሾል አድርጉት። በአናጺ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ እሾህ እንዳይቀር፣ ቀጭን ሽቦ ያነሣል። ከደጋው በሚወርድ አንድ ቀርከሃ ለእምድብር፣ ለጉብሬና ለወልቂጤ ሠሪዎች ሁሉ የሚበቃ መክፈቻ ይወጣል። መኝታና ወንበር ከቀርከሃ የምትሠሩ ባለእጆች፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። በነፃ አይደለም፤ እድሩ ይግዛችሁ።

ለመስቀል የምትመጡ የአዲስ አበባ ልጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ። በመስከረም መርካቶ ጭር የሚለው እናንተ ስለምትመጡ ነው። ሻንጣው ጃኬት፣ ጫማ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ሻሽ ይይዛል። ዘንድሮ በየሻንጣው ጥግ አንድ የካቻቢቴ ስብስብ ይግባ። ስልክና መለዋወጫ የምትነግዱ ደግሞ ዕቃውን ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁና ጥሩውን ከርካሹ ለይታችሁ በጅምላ ዋጋ አምጡልን፤ ትርፉን ሌላ ቦታ አግኙት። ለአረፋ የምትገቡ የቡታጅራና የአካባቢው ወንድሞችና እህቶችም ይኸው ጥሪ ለእናንተም ነው። የጉራጌ ዞን ለሁለት ቢከፈልም ብሎኑ አንድ ዓይነት ነው። ከባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ከምትልኩት ዶላር ይልቅ አንዳንዴ አንድ ጥሩ የመሣሪያ ስብስብ ከሚመጣ ሰው ጋር ብትሰጡ ይበልጣል።

ጉብሬ ላይ ያላችሁ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ምሕንድስና ተማሪዎች፣ በወር አንድ ቅዳሜ ስጡን። ንድፈ ሐሳቡን ተዉት፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ ከሠሪዎቹ ጋር ክፈቱ። እናንተ ለምን እንደሚቃጠል ትነግሯቸዋላችሁ፣ እነሱ ሳይቃጠል እንዴት እንደሚከፈት ያሳዩአችኋል። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደሚማር ለመገመት አልደፍርም። የቡታጅራ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መምህራንም ብትጋበዙ እንደማታሳፍሩን አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ቀን በደመራው ማግስት ይሁን። ጀፎረው ላይ፣ በመንደራችን ሰፊ መንገድ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሦስት የእድር ጠረጴዛ እናውጣ። ሰው ሁሉ ከመሳቢያው የሞተ ሪሞት፣ የሞተ ሬዲዮ፣ የሞተ ስልክ ይዞ ይምጣ። የሚያውቅ ይክፈት፣ የማያውቅ ከጎኑ ይቁም፤ ሁለተኛውን ዕቃ ተመልካቹ ራሱ ይክፈተው። ሕፃናቱ ሪሞት ይክፈቱ፤ ትልቅ ሰው ባትሪውን ካወጣለት በኋላ ሪሞት ውስጥ ያን ያህል የሚጎዳ ነገር የለም፣ ጥርስን ለመልመድም ከእሱ የሚሻል የለም። ሴት ልጆቻችን ከኋላ ቆመው ቡና ሲያፈሉ እንዳላይ። ቀርከሃ አያያዙን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ደንብም ይኑረን። በየጆካ፣ በጉራጌው የባህል ሸንጎ፣ ያደግን ሰዎች ያለ ደንብ ነገር አይጥመንም። ሠሪው ከመክፈቱ በፊት ደንበኛው ፊት ስልኩን አብርቶ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ያሳይ፣ ፎቶም ያንሣ። ከመክፈት የተነሣ የተሰበረ ነገር የሠሪው ዕዳ ነው፤ ቀድሞ የነበረ ስብራት የደንበኛው ነው። ክርክር ከተነሣ የእድሩ ዳኛ ከሁለት ሠሪዎች ጋር ያያል። ቢላዋ፣ ምላጭና መቀስ ከጠረጴዛው ላይ ይነሡ። በቢላዋ ሲከፍት የተገኘ ሠሪ ሳጥኑን ለአንድ ወር አይዋስም። ከበደ? እኔ ቀለለ ባይ ነኝ።

ሳጥኑ የማይነካቸው ነገሮች አሉና በክዳኑ ላይ በትልቁ ይጻፉ። ጀርባው ወጣ ያለው የድሮው ቴሌቪዥን ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ የስዕሉ ቱቦ ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ ይደርሳል። ማይክሮዌቭም እንደዚሁ። ባትሪው ያበጠ ስልክ አይሞቅም፣ አይጫንም፣ አይወጋም፤ ሜዳ ላይ፣ ከቤት ርቆ፣ ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገብ አድርጎ በልምድ የሚያውቀው ሰው ብቻ ይክፈተው። የአጣጥ ሆስፒታልና የጤና ጣቢያዎቻችን ማሽኖች የእኛ ሥራ አይደሉም፤ ባለሙያቸው ሌላ ነው።

የተበላሸውና የማይድነውስ? በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ በሥርዓት ተሰብስቦ የታወቀው ከሩቡ በታች ነው። በአገራችንም የዚህን ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል። ደንቡ ግን እምድብር ድረስ መጥቶ ባትሪ አይለቅምም። ዛሬ ያረጀው ባትሪ የሚወድቀው ከእንሰቱ ሥር ነው፤ ያንን እንሰት እኛው ነን የምንበላው። እያንዳንዱ እድር ከሳጥኑ ጎን አንድ ክዳን ያለው ባልዲ ያስቀምጥ። ከሞቱት ስልኮች ብሎኑ፣ ክዳኑ፣ የቻርጀር ቦርዱና ካሜራው እየተለየ ለሠሪዎቹ ይሰጥ፤ በቢላዋ ያልተከፈተ ሬሳ ነው ለሌላው መድኃኒት የሚሆነው። ባትሪው ብቻ ለብቻው፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ ወልቂጤ ላይ የሚረከብ እስኪገኝ በባልዲው ይቆይ። የከተማው ማዘጋጃ ቤትም ይህን ባልዲ የሚረከብበትን መንገድ ያብጅልን። ይህ ልመና አይደለም፤ ሥራው ነው።

እንግዲህ የሚቀጥለው የእድር መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን አጀንዳው ይያዝ። ከተለያዩ ጉዳዮች ሥር አይግባ፤ እዚያ የገባ ነገር ሁሉ «ሰዓት ሄደ» ተብሎ እንደሚቀር እናውቃለን። አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ ይጻፍ። ሳጥኑን ማን ይገዛል፣ የት ይቀመጣል፣ ቁልፉን ማን ይይዛል፣ እነዚህ ሦስቱ በስም ተወስነው በቃለ ጉባኤ ይፈረሙ። ዕቃ ጠባቂው የውሰት ደብተር ያዘጋጅ፤ ስም፣ ቀን፣ የተወሰደው መሣሪያ፣ የተመለሰበት ቀን። ሞባይል ሠሪዎች ያን ቀን ተጋብዛችሁ ኑ፤ የጎደለባችሁን የካቻቢቴ ጫፍ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፣ ገዢው መርካቶ ሲሄድ ያንኑ ወረቀት ይዞ ይሂድ። ሲም ካርድ የገዛ ሁሉ የቀረውን ፕላስቲክ አይጣል፤ ለጸሐፊው ያስረክብ። የእኔን አራት ካርዶችና የመጀመሪያ መዋጮዬን በዚያው ዕለት ተቀበሉኝ።